የዓለም ሲኒማና ቴሌቪዥን ጥናት፦ አገር በአገር ወይስ ፊልሙ በሄደበት መንገድ?

ናሆም_ዘቀጨኔ

ሰላም ለዚህ ቤት። በመስከረም አውሮፓ ውስጥ የፊልምና ቴሌቪዥን ጥናት ማስተርስ ልጀምር ነው። አንዱ ኮርስ «የዓለም ሲኒማና ቴሌቪዥን» ይላል፤ ሲላበሱን ቀድመው ልከውልኛል። ሳምንት በሳምንት አገር ነው፦ የጣሊያን ኒዮሪያሊዝም፣ ጃፓን፣ የፈረንሳይ አዲሱ ማዕበል፣ ሕንድ፣ ኢራን፣ ደቡብ ኮሪያ። አፍሪካ እንደ አንድ አገር ተቆጥራ አንድ ሳምንት ደርሷታል። ቴሌቪዥን መጨረሻ ላይ ተለጥፏል፤ እሱም ቢሆን ያው ኔትፍሊክስ ነው።

ጥያቄዬ፣ እስከ መስከረም ምን ምን አይቼ ልጠብቅ? ሌላው ደግሞ የመመረቂያ ርዕስ ከወዲሁ እንዳስብ ተነግሮኛል። ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ብቻ መጻፍ አልፈልግም፤ ከእኔ ሁሉም የሚጠብቀው እሱን ነውና። ግን ጭራሽ ከእኛ ጋር የማይነካካ ነገርም አያጓጓኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ወለላ_መምህር

እንኳን ደስ ያለህ ናሆም። ይህንን ዓይነት ኮርስ ውጭ አገር አስተምራለሁ። አገር በአገር የተደረደረ ሲላበስ ለመምህሩ ይቀለዋል፤ ተማሪው ላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር ይሰውርበታል፦ ፊልሙ ከተሠራበት ቤት ተነስቶ ተመልካቹ ዘንድ የደረሰው በማን እጅ እንደሆነ።

የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «ራሾሞን» ውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1951 (ዓመቶቼ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ላይ ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ፣ ወሰደና ምዕራባውያን «የጃፓን ሲኒማ ተገኘ» አሉ። ለፌስቲቫሉ ያጩት ጃፓን ይኖሩ የነበሩት ጣሊያናዊት ጁሊያና ስትራሚጆሊ ናቸው፤ የአንድ የጣሊያን ፊልም ድርጅት ወኪል ነበሩ። የሠራው ስቱዲዮ፣ ዳይኤ፣ እንዲላክ ብዙም አልጓጓም ነበር። እኚያ ሴትዮ ባይኖሩ የዚያ ሳምንት ሲላበስህ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። በዚያን ጊዜ እኮ ሌላው ጃፓናዊ ዳይሬክተር ኦዙ ፊልም መሥራት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል! የጠፋ ነገር አልነበረም፤ የሚያመጣው ሰው ነው ያልነበረው።

ወይም የራጅ ካፑርን «አዋራ» ተመልከት። ቦምቤይ በ1951 ወጣ፤ በ1954 ሶቪየት ኅብረት ገባና ከ60 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሸጠለት። የትኛው ሳምንት ላይ እናስቀምጠው? የሕንድ ብንለው የሶቪየቱ ተመልካች የት ይግባ? አንትሮፖሎጂስቱ ብራያን ላርኪን ደግሞ ሰሜን ናይጄሪያ ሄዶ፣ የሐውሳ ሙስሊሞች የሕንድን ፊልም ለምን እንደ ራሳቸው እንደሚያዩት አጥንቷል። የቤተሰብ ክብር፣ የተከለከለ ፍቅር፣ በዘመናዊነትና በባህል መካከል መወጠር፤ ሆሊውድ የማይሰጣቸውን እዚያ አገኙት ነው የሚለው። ከዚያም ራሳቸው ካኖ ከተማ ላይ ዘፈንና ጭፈራ ያለው ፊልም መሥራት ጀመሩ።

ስለዚህ ፊልም ስታይ፣ ማን ገዛው፣ ማን ተረጎመው፣ ምኑ ተቆረጠ፣ ምን ዓይነት አዳራሽ ውስጥ ታየ እያልክ እይ። የዳይሬክተር ስም መሸምደዱ በኋላም ይደርሳል።

ሰፊው_ክፈፍ

ወለላ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄ የነጋዴና የጉምሩክ ታሪክ ነው። እኔ ካሜራ ማን ነኝ። ዘንድሮ የፊልም ጥናት የጨረሰ ሰው ይመጣና ስለ ስርጭት ኩባንያ ሁለት ሰዓት ያወራሃል፤ «ይህ ሾት ለምን እዚህ ተቆረጠ?» ስትለው ግን ጣሪያ ጣሪያ ያያል።

ናሆም፣ መጀመሪያ ማየት ተማር። የኦዙን «ቶኪዮ ስቶሪ» (1953) ድምፁን አጥፍተህ እይ። ካሜራው ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ያለበት ከፍታ አካባቢ ነው፤ እምብዛም አይንቀሳቀስም። ትምህርት ቤት «መስመሩን አትሻገር» ያሉህን ሕግ (ካሜራው በሁለት ተነጋጋሪዎች መካከል ካለው የሐሳብ መስመር በአንዱ ወገን ብቻ ይቆይ የሚለውን) ኦዙ እንዳሻው ይሻገረዋል፤ ግን አትደናገርም። ለምን? እሱን ራስህ ፈልግ።

ቀጥሎ የተሾመ ገብርኤልን ጽሑፍ አንብብ። ኢትዮጵያዊ ናቸው፤ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን አስተምረው በ2010 አረፉ። በ1982 ባወጡት መጽሐፍ የሦስተኛውን ዓለም ሲኒማ በራሱ ሚዛን መዘኑት። ከሐሳቦቻቸው ለእኔ የሚበልጠው ስለ ክሎዝ አፕ ያሉት ነው፦ ፊት ብቻ ነጥሎ ማሳየት ሰውን ከማኅበሩና ከመሬቱ መቁረጥ ነው፤ የእነዚህ አገሮች ፊልም ሰፊ ቦታና ረጅም ሾት የሚያበዛው ስለማይችል ሳይሆን የሚያወራው ስለ ብዙ ሰው ስለሆነ ነው። የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976) ይህን ካነበብክ በኋላ እየው። ሜዳው ላይ ያሉት ገበሬዎች ለምን ያን ያህል ርቀው እንደሚታዩ ይገባሃል።

ጊዜ ከሌለህ ደግሞ የሴኔጋላዊውን ዳይሬክተር የኡስማን ሴምቤንን «ቦሮም ሳሬት» (1963) ብቻ እይ፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። የዳካር ጋሪ ነጂ ቀኑን ሙሉ ከፋይም የማይከፍልም ሲያመላልስ ይውላል። አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ዕቃውን ፕላቶ ወደሚባለው የሀብታሞች ሰፈር እንዲያደርስለት ያግባባዋል፤ እዚያ ጋሪ ክልክል ነው። ጋሪው ሽቅብ ሲወጣ የነበረው የአገሬው ሙዚቃ ይቀርና የአውሮፓ ክላሲካል ይተካል። አንድም ሰው «ሌላ አገር ገባን» አይልም፤ ጆሮህ ግን ነግሮሃል። ፖሊሱ ያስቆመዋል። ወረቀቱን ከኪሱ ሲያወጣ የጦር ሜዳሊያው መሬት ይወድቃል፤ ሊያነሳው ሲል የፖሊሱ ጫማ ያርፍበታል። በቃ። ከዚህ በላይ ስለ ነፃነት ማግስት የተጻፈ ድርሳን አሳየኝ።

ወለላ_መምህር

ሰፊው፣ ምርጫህን ወደድኩት፤ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክርልኝ። ያ ጋሪ ነጂ በሐሳቡ የሚያወራው በምን ቋንቋ ነው? በፈረንሳይኛ። የዳካር ጋሪ ነጂ ለራሱ በፈረንሳይኛ አያስብም። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በነበሩ አገሮች የሚሠራ ፊልም ላቦራቶሪውም፣ ገዢውም፣ አብዛኛው ገንዘቡም ፓሪስ ነበር። ሴምቤን በወሎፍ የሚናገር ሙሉ ፊልም የሠራው በ1968 ነው፣ «ማንዳቢ»ን፤ ያኔም የፈረንሳይ ገንዘብ ስለነበረበት አንዱ ቅጂ በወሎፍ፣ ሌላው በፈረንሳይኛ ተቀረጸ። አንተ የጉምሩክ ታሪክ ያልከው ክፈፉ ውስጥ ገብቶ በሰውየው አፍ እያወራ ነው። ሾቱን ብቻ ያየ ይሄን አይሰማም።

ሰፊው_ክፈፍ

መስማትም ማየት ነው ብለሽ ካሰብሽ ተስማምተናል። 😀 እኔም ድምፁን ካስጠፋሁት በኋላ መልሶ ይክፈት እንጂ ለዘላለም ያጥፋ አላልኩም።

ጋሽ_ተኬ

ልጆች፣ ሁላችሁም አዳራሹን ረሳችሁት። እኛ የሕንድ ፊልም መርካቶ፣ ሲኒማ ራስ ነው ያየነው። «ማዘር ኢንዲያ» ስንት ጊዜ እንደመጣ እንጃ። ከታች የሚሮጠውን ጽሑፍ የሚያነብ ከአዳራሹ ጥቂት ነው፤ የሚያለቅሰው ግን ሁሉም ነበር። እናቲቱ ጠመንጃ አንስታ የገዛ ልጇን ስትተኩስበት «እሰይ!» የሚል አለ፣ «ውይ ልጄን!» የሚል አለ፤ አጠገብህ ካለው ሰው ጋር ተጨቃጭቀህ ትወጣለህ። ዘፈን ሲመጣ ደግሞ ግማሹ ለሻይ ይወጣል፣ ግማሹ ዘፈኑን ብሎ ነው የመጣው።

በኋላ ቪዲዮ ቤት መጣና ሰፈር ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣበን ማየት ሆነ። ከዚያም ትርጉም ፊልም፤ አንድ ሰው ብቻውን የወንዱንም የሴቱንም እየተናገረ፣ የራሱን ቀልድ እየጨመረ። የዛሬ ፕሮፌሰሮች ይሄን እንዴት ነው የሚያጠኑት? የኩሮሳዋ ብቻ ነው ጥበብ?

ወለላ_መምህር

ጋሽ ተኬ፣ እርስዎ ያሉት ራሱን የቻለ የጥናት ዘርፍ ሆኗል። ካምፓላ ላይ «ቪጄ» የሚባሉ አሉ፤ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ማይክ ይዘው የአሜሪካውን ፊልም በሉጋንዳ እየተረኩ፣ እየቀለዱ፣ ተመልካቹን እያሟሟቁ ያሳያሉ። ሰው «የእገሌን ፊልም አየሁ» ሲል የቪጄውን ስም ነው የሚጠራው፤ ዳይሬክተሩን የሚያውቀውም የለ። የእኛ ትርጉም ፊልም ከዚያ ጋር ጎን ለጎን ቢጠና ደስ ይለኛል።

ሐያት_ሻርጃ

ስለ ቴሌቪዥን ማንም ስላላነሳ ልግባ። እኔ ባሕረ ሰላጤ የመጣሁት «ኑር» በሚታይበት ዘመን ነው፤ በ2008። የቱርክ ድራማ ነው፣ አገሩ ላይ «ጉሙሽ» ይባላል፤ ቱርክ ውስጥ ያን ያህል አልተወራለትም አሉ። የዓረቦቹ የሳተላይት ቴሌቪዥን ኤምቢሲ ገዝቶ በሶሪያ ዓረብኛ ድምፅ አለበሰው። ከዚያማ አትጠይቁኝ! ማዳም ስልክ አታነሳም፤ ልጆቹ ዝም፤ እኔም ሽንኩርቴን ይዤ ሳሎን በር ላይ ቁጭ። የመጨረሻውን ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው አየው ብሎ ኤምቢሲ አውጥቶ ነበር። ሼሆች ሐራም ነው አሉ፤ ማዳም እሱንም ሰምታ አየችው።

የምነግራችሁ ግን ሌላ ነው። ከማዳም ጋር አንድ ሶፋ ፊት አንድ ድራማ እያየን የምናየው አንድ አልነበረም። እሷ ባልየው ሚስቱን እንዴት እንደሚንከባከብ ታያለች፣ ትተክዛለች። እኔ የማየው ትሪ ይዛ የምትገባውን የቤት ሠራተኛ ነበር፤ ስሟን የሚጠራት መቼ ነው፣ ምሳ የምትበላው የት ነው እያልኩ። በ2016 ቃና ሲከፈት እናቴ አዲስ አበባ ላይ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማየት ጀመረች። በስልክ «ይቺ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ትለኛለች፤ እኔ በዓረብኛ ቀድሜ አይቼዋለሁ፣ አልነግራትም። በ2018 ደግሞ ኤምቢሲ የቱርክ ድራማዎችን በአንድ ጊዜ አወረዳቸው። መንግሥታቱ ተቀያይመው ነበር። ማዳም መሐል ላይ ተቋረጠባት፤ እናቴ ጋ ግን ይቀጥላል። ይሄስ «የዓለም ቴሌቪዥን» አይደለም?

ናሆም_ዘቀጨኔ

ሐያት፣ ያልሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትሪ ይዛ የምትገባዋን ሴት ነገር ማንም መምህር አይነግረኝም ነበር። በነገራችን ላይ እዚህ ቤት ድምፅ የማልበስ ሥራ የሠራ ሰው ይኖር ይሆን?

ከማይኩ_ጀርባ

አለሁ። የት እንደሠራሁ ተዉት፤ ሥራውን ልንገርህ።

ከቁረጣው ልጀምር። የቱርክ ድራማ አገሩ ላይ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚተላለፈው፤ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ለውጭ ሲሸጥ አርባ አምስት ደቂቃ ገደማ እየተደረገ ይቆራረጣል። ስለዚህ ደራሲው «እዚህ ላይ ሰው ልቡ ይንጠልጠል» ብሎ የጻፈው ቦታ አንተ ዘንድ ክፍሉ መሐል ላይ ይወድቃል። ክፍሉ የሚያልቅበት ቦታ ደግሞ አንዷ ቡና ስትቀዳ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ፊት ላይ እየተጠጋ ሙዚቃ የሚጮኸው ሁልጊዜ የዳይሬክተሩ ሥራ አይምሰልህ። «የቱርክ ድራማ ይንዛዛል» እያለ የሚጽፍ ሰው ቢያንስ የቱን ቅጂ እንዳየ ይናገር።

ድምፁን በተመለከተ፣ ሻጩ ንግግሩ የወጣለትን ሙዚቃና ድምፅ ብቻውን ይልካል። እሱ ጥሩ ከሆነ በሩ ይንኳኳል፣ ጫማው ይሰማል፣ መኪናው ያልፋል። የተበላሸ ከሆነ ተዋናዩ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይመስላል፤ ድምፆቹን አንተው ስቱዲዮ ውስጥ ትፈጥራለህ።

ከሁሉ የሚያለፋው ግን ጾታ ነው። ቱርክኛ «እሱ»ና «እሷ» አይለይም። አማርኛ ደግሞ ግሱ ሳይቀር ይለያል። አንድ ሰው ስልክ ያነሳና ስለማናየው ሰው ያወራል፤ ገዳዩ ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። በቱርክኛው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ ጨዋታው እሱ ላይ ነው። አንተ «መጣ» ካልክ ግማሹን ተመልካች አሳሳትክ፣ «መጣች» ካልክ ምስጢሩን ሸጥከው። ብዙውን ጊዜ «ሰውየው» ብለን ማለፍም አንችልም፤ ወንድ ነው ማለት ነውና። ስለዚህ ወደፊት ያሉትን ክፍሎች ቀድመህ ታያለህ፤ ከዚያ ዓረፍተ ነገሩን «ያ ስናወራበት የነበረው ጉዳይ እንዴት ሆነ?» ወደሚል ታዞረዋለህ። ያን ጊዜ ደግሞ ይረዝማል፤ የተዋናዩ አፍ ተዘግቶ ያንተ ድምፅ ይቀጥላል። ክሎዝ አፕ ከሆነ አለቀልህ፤ «ብ»ና «ም» ላይ ከንፈር ሲገጥም ሁሉም ሰው ያየዋል። ሾቱ ሰፋ ያለ ወይም ተናጋሪው ጀርባውን የሰጠ ከሆነ እፎይ እንላለን። (ሰፊው፣ ስለ ክሎዝ አፕ የእኛንም ቲዮሪ ጨምርበት።)

እንደዚያም ሆኖ ቱርክኛ ከስፓኒሽ ይሻለናል፤ ግሱ እንደ እኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። የሜክሲኮ ቴሌኖቬላ ላይ ተዋናይዋ መጀመሪያ ላይ «እጠላሃለሁ» ብላ ዓይኗን ስታፈጥ የእኛ ግስ ገና እየመጣ ነው።

የካዛንቺሱ

ቆይ እንጂ፣ ሁላችሁም ተደነቃችሁበት። ይሄው የተለበሰ ድራማ እኮ የአገር ውስጥ ሠሪውን ገበያ ነጠቀ ተብሎ ያኔ ስንት ተጮኸ። በርካሽ የተገዛ የሰው ድራማ ጥናት ይሁን ካልን የራሳችንን ማን ያጥና? ኮሪያ ሲኒማ ቤቱን «በዓመት ይህን ያህል ቀን የአገር ፊልም ታሳያለህ» ብላ ስላስገደደች ነው ዛሬ ኦስካር የወሰደችው። እኛ ደግሞ በሩን ከፍተን ለተለበሰ ድራማ እናጨበጭባለን።

ወለላ_መምህር

የካዛንቺሱ፣ የኮሪያው ግማሽ እውነት ነው። ኮታው ነበረ፤ በዓመት 146 ቀን ነበር። በ2006 ከአሜሪካ ጋር የንግድ ስምምነት ሊነጋገሩ ሲሉ ወደ 73 ቀን ወረደ፤ የፊልም ሰዎች አደባባይ ወጡ። የኮሪያው ፊልም «ፓራሳይት» የካን ፌስቲቫልን በ2019 ያሸነፈው፣ ኦስካሩንም በቀጣዩ ዓመት ያገኘው ኮታው በግማሽ ከተቀነሰ በኋላ ነው። ኮታው አልጠቀመም አልልም፤ ለአንድ ትውልድ ባለሙያ የሥራ ቦታ አቆይቷል። ግን ብቻውን አልሠራም፤ የመንግሥት ገንዘብ ነበረ፣ ትልልቅ ኩባንያዎች ነበሩ፣ ፊልም ትምህርት ቤት ነበረ።

ከኮታ ውጭ ያደገም አለ፤ ናይጄሪያ። በ1992 «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» በቪዲዮ ካሴት ወጣ፤ ፕሮዲዩሰሩ ኬኔት ንኔቡዌ ቀድሞውንም ካሴት ነጋዴ ነበር። ሲኒማ ቤትም፣ ፌስቲቫልም፣ የአውሮፓ ድጎማም አልጠበቀም። ዩኔስኮ በ2009 ይፋ ባደረገው የ2006 ቆጠራ ሕንድ 1,091፣ ናይጄሪያ 872፣ አሜሪካ 485 ፊልም ሠርተዋል። የናይጄሪያው ሁሉ ቪዲዮ ነው። ናሆም፣ ሲላበስህ ላይ ያለውን የአፍሪካ ሳምንት ተመልከትና ከዚህ ስንቱ እንደገባ ንገረኝ። ልወራረድ፣ በአውሮፓ ገንዘብ ተሠርቶ በአውሮፓ ፌስቲቫል የታየ ነው የሚሞላው። ፊልሞቹ መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ብዙዎቹን እወዳቸዋለሁ። ሌጎስ ውስጥ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያየው ግን እነሱን አይደለም።

የካዛንቺሱ

ናይጄሪያ የሕዝቧ ብዛት ገበያ ነው። እኛ ያን ገበያ በአማርኛ ብቻ አናገኘውም። ግን ስለ ሲላበሱ ያልሽው ልክ ነው።

ናሆም_ዘቀጨኔ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሽ ተኬ እርስዎንም። ርዕሱ እየመጣልኝ ነው፦ አንድ የቱርክ ድራማ፣ አንዴ በሶሪያ ዓረብኛ ለባሕረ ሰላጤ፣ አንዴ በአማርኛ ለአዲስ አበባ። አንዱ ታሪክ ሁለት ቦታ ሲቆረጥና ሲናገር ምን ይሆናል? መምህር ወለላ፣ ይሄ ለማስተርስ ይበዛል?

ወለላ_መምህር

እንዳለ ከወሰድከው ይበዛል፤ ዶክትሬት ነው። ሙሉ ድራማ አትያዝ። የቱርኩን አንድ ክፍል ምረጥ፤ እሱ በአማርኛና በዓረብኛ የተቆረሰባቸውን ክፍሎች አግኝና ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ። የሐያትን ትሪ የያዘች ሴት ተከተላት፤ በሦስቱ ቅጂ ስንት ሰከንድ ትታያለች፣ ማን በስሟ ይጠራታል፣ ስትናገር በ«አንቺ» ነው በ«እርስዎ» የሚመልሱላት? በዚህ ብቻ አንድ ምዕራፍ ይወጣሃል። ቱርክኛ ካልቻልክ ግን የሚችል ሰው ከአሁኑ ፈልግ፤ ከእንግሊዝኛ ሰብታይትል ላይ ተነስተህ ትርጉም አትተች።

ሰፊው_ክፈፍ

የሾት ዝርዝሩን በእጅህ ሥራው። እያንዳንዱን ቁረጥ በሰዓቱ ጻፍ፤ ያሰለቻል፣ ግን ቅጂዎቹ የሚለያዩበት ቦታ እዚያ ላይ ነው የሚገኘው። ሲያስቸግርህ ላክልኝ።

ከማይኩ_ጀርባ

ስክሪፕቱ የጣቢያው ንብረት ስለሆነ እኔ ልሰጥህ አልችልም፤ ዩኒቨርሲቲህ ደብዳቤ ይጻፍና በግልጽ ጠይቅ። እንዴት እንደሚነበብ ግን አሳይሃለሁ፤ ጠርዙ ላይ የምንጽፋቸውን ምልክቶች ውጭ ያለ ሰው አይረዳቸውም።

ጋሽ_ተኬ

እኔ «ጥቁር ፍቅር»ን ነበር የማየው። እሱን ከመረጥክ ያልገባህን ጠይቀኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከእኔ ይበልጥ ታስታውሳለች።

ሐያት_ሻርጃ

ዓረብኛውን እኔ እሰማልሃለሁ። የሶሪያ ቋንቋ የተማርኩት ከእነሱው ድራማ ነው፤ ገበያ ስወጣ «ደማስቆ ነው ያደግሽው?» ይሉኝ ነበር። ብቻ የማርፈው ዓርብ ከሰዓት ነው፤ ክፍሉን በቁርጥራጭ በዋትሳፕ ላክልኝ፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ እንዳይሆን፣ ስልኬ አይችለውም።